አበባው የተልፈሰፈሰው ስኳር አንሶት አይደለም

እህቴ፣ በቤትሽ ከፎንዳንት (ኬክ ከሚለብሰው የስኳር ሊጥ) የሠራሽው ጽጌረዳ ማታ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጠዋት ከፍሪጅ ስታወጪው ተልፈስፍሶ፣ ቀይ ቀለሙም ነጩ ክሬም ላይ ወርዶ እንዳገኘሽው ጽፈሻል። ብዙዎቹ «ስኳር ጨምሪበት» ብለውሻል፤ እባክሽ አትስሚያቸው። ስኳር ሲበዛ ሊጡ ይደርቅና ቅጠሉን ስታሳሺው ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ፍሪጅ ሲገባ ግን ያው ነው።

1. ሊጡ። ኬክ የሚለብሰው ሊጥና አበባ የሚሠራበት ሊጥ ይለያያል። ለመልበሻው 10 ግራም ጀላቲን በ60 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 5 ደቂቃ ይነከርና ሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ሳህን ይሟሟል። እንዳይፈላ፤ ከፈላ የመርጋት ኃይሉ ይቀንሳል። 120 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ ሽሮፕ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሚረጋ ነጭ የአትክልት ቅቤና 1 የሾርባ ማንኪያ ግሊሰሪን ተጨምሮበት፣ 900 ግራም ገደማ በሆነ የተነፋ የዱቄት ስኳር ይቦካል። ግሊሰሪኑ ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀ ይሁን እንጂ ለቆዳ የሚሸጠው አይሆንም። የግሊሰሪን ሥራ እርጥበት መያዝ ነው፤ ኬኩ ሲቆረጥ ልብሱ ለስላሳ የሚሆነው በሱ ነው፣ አበባሽ ደርቆ ያልቆመውም በሱ ነው።

ስለዚህ ለአበባ ከዚሁ ሊጥ 250 ግራም ወስደሽ 1 የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ የሚባለውን ሊጥ የሚያጠነክር ዱቄት (ታይሎስ የሚሉትም ያው ሥራ ይሠራል) በደንብ አሺበት። በላስቲክ ጠቅልለሽ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ይረፍ። ወዲያው ከሠራሽበት ሲኤምሲው ውሃውን ገና አልጠጣም፤ ሊጡ ይለጠጥና ይመለሳል። ለአበባ ብቻ የምታቦኪ ከሆነ ግሊሰሪኑን ከመጀመሪያው ተዪው።

ስኳሩን ራስሽ የምትፈጪ ከሆነ ለ200 ግራም 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ጨምረሽ ፍጪና በደቃቅ ወንፊት ንፊው። አንዲት ያልደቀቀች ቅንጣት በስሱ የተዳመጠ ቅጠል ትቀድዳለች።

2. ማድረቅ። የጽጌረዳው መሐል ላይ ያለው ሾጣጣ ስቴኪኒ ላይ ተሰክቶ ቅጠል ሳይነካው አንድ ቀን ይድረቅ። እርጥብ ሾጣጣ ላይ ቅጠል ከለጠፍሽ ክብደቱ ወደ ታች ይጎትተዋል። ቅጠሉን 1 ሚሊ ሜትር ያህል አሳስተሽ ዳምጪ፣ ጠርዙን ስፖንጅ ላይ አሳሺው። ማጣበቂያው ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲኤምሲ በ2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ አድሮ የሟሟ ነው፤ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ይነካ። ማጣበቂያ ሲበዛ ቅጠሉ ይንሸራተታል፣ ስኳሩም ከሥሩ ይሟሟል። መሐሉን የሚሸፍን 1፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 5 ቅጠል፤ በየዙሩ ትንሽ ጠበቅ እስኪል ጠብቂ። ካለቀ በኋላ ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ቦታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። ወፍራም ቅርጽ ከሆነ ብዙ ቀን ይፈልጋል። ምድጃ ውስጥ ከተትሽው ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው ይወይባል፤ በተለይ ሮዝና ወይን ጠጁ። ሳይደርቅ ክዳኑ በሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ አትክተቺው፤ ካርቶን ይሻላል።

አሁን ወደ ፍሪጁ። የምግብ አሠራር የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሳይናገሩ ማለፋቸው ያናድዳል፣ የሰው ድካም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ስኳር እርጥበት ይስባል። የቀዘቀዘ ስኳር ሞቅ ያለ ክፍል ሲገባ ደግሞ ላዩ ያልበዋል፣ ላቡ ቀለሙን ይዞ ይወርዳል። መፍትሔው ኬኩ ብቻ ፍሪጅ ገብቶ አበባው ሊቀርብ ሲል መደርደሩ ነው። ፎንዳንት የለበሰ ኬክ የግድ ፍሪጅ ማደር ካለበት በተዘጋ ካርቶን ይግባ። ስታወጪውም ካርቶኑን ሳትከፍቺ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ተዪው፤ ላብ ካየሽ አትንኪው፣ አትጥረጊው፣ ራሱ ይተናል። የተመታ የወተት ክሬም ላይ አበባ ማስቀመጥ ከሥሩ ማሟሟት ነው። የግድ ከሆነ የአበባውን መቀመጫ በቀለጠ ነጭ ቸኮሌት ቀብተሽ አድርቂ። የቅቤ ክሬም ስቡ ስለሚበዛ የበለጠ ይታገሳል።

ቀይ ለማግኘት ፈሳሽ ቀለም አፍስሰሽ ከሆነ ውሃ ጨምረሻል ማለት ነው። ወፈር ያለውን ጄል ቀለም ተጠቀሚ፣ ከምትፈልጊው ትንሽ ነጣ ሲል አቁሚና ሊጡን አሳድሪው፤ ቀለሙ እያደር ይጠቁራል። ከሁሉ የሚያምረው ሮዝ ሊጥ ሠርቶ፣ ከደረቀ በኋላ ጠርዙን በደረቅ የቀይ ዱቄት ቀለም መንካት ነው።

ስለሚያብረቀርቁት ዱቄቶች ግን አደራ። ዕቃው ላይ «መርዛማ አይደለም» መባሉ ይበላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ስድስት ሕፃናት የልደት ኬክ በልተው ታመሙ፤ ኬኩ ላይ የነበረው ወርቃማ ዱቄት በአብዛኛው መዳብ ነበር። የሚበላ መሆኑና የተሠራበት ነገር ዝርዝር ያልተጻፈበትን፣ በትንሽ ብልቃጥ የተገለበጠውንም፣ አትግዢ። ሽቦ ያለው አበባም በቀጥታ ኬኩ ውስጥ አይሰካም፤ ስትሮ ቆርጠሽ መጀመሪያ እሱን ስኪና ሽቦው በውስጡ ይግባ።

አሁን በእጅሽ ያለው አበባ ቅርጹን ካልለቀቀ አትጣይው። ከክሬሙ አንስተሽ ሥሩን ጥረጊና ስፖንጅ ላይ ደግፈሽ ከማራገቢያ ፊት አቆይው፤ ሲደርቅ ቀለሙ የፈሰሰበትን ቦታ በዱቄት ቀለም ትሸፍኚዋለሽ።