ሊምፎሳይት "ኤል" ብሎ ለወጣባት እህት

ሰላም እህቴ፣ "ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ላይ ሊምፎሳይት 12 ፐርሰንት፣ ጎኑ ላይ ኤል አለበት፣ ምንድነው?" ላልሽው፣ ሊምፎሳይት አንዱ የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው፣ ኤል ደግሞ ከመደበኛው አንሷል ማለት ነው። እኔም ባለፈው ክረምት እዚሁ ባህር ዳር ገጥሞኝ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥቻለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

1. ፐርሰንቱን ለጊዜው ተይው። ወረቀቱ ላይ ሊምፎሳይት ሁለት ቦታ አለ፣ አንዱ % አንዱ # (ብዛቱ በቁጥር) ያለበት፣ ዋናው # ያለበት ነው። ኢንፌክሽን ኖሮ ሌላው ነጭ ሴል ሲበዛ ፐርሰንቱ ብቻ ይወርድና ቁጥሩ ደህና ይሆናል። ለአዋቂ አነሰ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከ1,000 ሲወርድ ነው (ማሽኑ 1.0 ብሎ ይጽፈዋል)፣ የህፃን ግን ሌላ ነው። የኔ ነጭ ሴል 11,200፣ ሊምፎሳይት 7 ፐርሰንት፣ ስታሰዪው 784፣ የኔስ እውነትም ወርዷል።

2. የወሰድሽውን መድሀኒት ሁሉ ተናገሪ። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። አስሜ ተነስቶብኝ ሽምብጥ ካለ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ፕሬድኒሶሎን ገዝቼ 8 ቀን ውጬ ነበር፣ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም የአስም ኪኒን ከደም ምን አገናኘው ብዬ አልተናገርኩም፣ ለካ እሱ ነው ሊምፎሳይትን የሚያወርደው ኒውትሮፊል የሚባለውን ሌላውን ነጭ ሴል ደግሞ ከፍ የሚያደርገው፣ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን) መርፌም እንደዛው። አንድ የግል ክሊኒክ ታይፎይድ ነው፣ አልትራሳውንድ ተነሳ፣ ጉበትህ ይታይ እያለ ከ4,000 ብር በላይ አስወጣኝ። የመጀመሪያ ውጤቴን ስጡኝ ስላት ደግሞ ሪሴፕሽኗ "አንተ ምን ልታረግበት ነው" ብላ ሰው ፊት ጮኸችብኝ፣ በከፈልኩበት! ሦስት ቀን በባጃጅ ተመላልሼ ግን ፎቶ ሳላነሳው አልወጣሁም።

ያ ፎቶ ነው ያዳነኝ። ሌላ ሀኪም ጋ ስሄድ አይቶት መጀመሪያ የጠየቀኝ "ሰሞኑን ምን ስትወስድ ነበር?" ነው። ኤችአይቪና ቲቢም ሊምፎሳይት ስለሚያወርዱ ጤና ጣቢያ በነፃ አሰራኝ፣ ሁለቱም የለብኝም፣ ወባም ተመረመርኩ (እኛ ጣና ዳር ያለን ሰዎች እሷን መርሳት የለብንም)። ኪኒኑን ካቆምኩ በሦስት ሳምንት ሲደገም ነጭ ሴል 6,400፣ ሊምፎሳይት 27 ፐርሰንት፣ 1,728 ማለት ነው። ወረቀቱን ይዤ በሐይቁ ዳር በእግሬ ነው ቤቴ የገባሁት።

አንቺ ግን ፕሬድኒሶሎን ከቆየሽበት በራስሽ እንዳታቆሚ፣ ድንገት ማቆሙም ይጎዳል፣ ሀኪም ነው ቀስ እያለ የሚቀንስልሽ። ትኩሳት የማይለቅሽ፣ የምትከሺ ወይ አንገትሽ ላይ እብጠት ካለ ደግሞ ሦስት ሳምንት አትጠብቂ፣ ነገውኑ ሂጂ። # ያለበት ስንት እንደሚል ጻፊልኝ እስቲ።