እናትህ «ጀልባ» ያሏት መርከብ

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከባቦጋያ የመርከበኞች ማሠልጠኛ ሠልጥነህ ወጥተሃል፣ አንድ ዓመት በጭነት መርከብ ላይ ካዴት (ተለማማጅ) ሆነህ ሠርተሃል፣ የማሪን ኢንጂነርነት ሰርተፊኬትህም በእጅህ ነው። አሁን ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሁለት ሥራ መጥቶልሃል። አንዱ በወደብ ታግ፣ ማለትም በጎታች መርከብ ላይ ነው። ሌላው «ኦፍሾር ሰፖርት» በተባለ፣ ባሕር ላይ ያሉ የነዳጅ መቆፈሪያዎችን በሚያገለግል መርከብ ላይ ሲሆን በወር 400 ዶላር ይበልጣል። አባትህ ትልቁን ደመወዝ ያዝ ይላሉ፤ የደሴው ቤት ፎቁ ገና ነው። እናትህ የታጉን ፎቶ አይተው «ይህን ሁሉ ተምረህ ጀልባ ላይ?» ብለውሃል። አንተ ደግሞ «ሁለቱም ትንንሽ መርከቦች ናቸው፣ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?» ትለኛለህ። ስለ ባሕር ሕመሙ፣ ስለ እጮኛህና ኤጀንቱ ስለጠየቀህ ገንዘብም ጽፈህልኛል።

ከ«ጀልባው» ልጀምር፤ ዘጠኝ ዓመት የኖርኩት እዚያ ውስጥ ነውና።

ታግ የተሠራው ሌላውን ለማንቀሳቀስ ነው። ርዝመቱ 30 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ባለ ተሳቢ መኪና ተከታትለው ቢቆሙ ያክሉታል። በዚያች ቁመት ውስጥ ግን 5000 የፈረስ ጉልበት ሊኖር ይችላል። መንገድ ላይ የምታየው ሲኖትራክ 371 ነው፤ አንተው አስላው። ብዙዎቹ ዘመናዊ ታጎች ፕሮፔለሮቻቸው ከሆዳቸው ሥር ዙሪያውን ስለሚዞሩ በጎንም ይሄዳሉ። አቅማቸው የሚለካው በሚጭኑት ሳይሆን በሚጎትቱት ቶን ነው፤ ቦላርድ ፑል እንለዋለን። 60 እና 70 ቶን ዛሬ የተለመደ ነው።

አንድ ሌሊት ልንገርህ። ትልቅ ኮንቴይነር መርከብ እያስገባን ነበር፤ ነፋሱ ወደ ግንቡ እየገፋት ነው። ፓይለቱ (መርከቧን ወደ ወደቡ የሚመራው ባለሙያ) በሬዲዮ «ሙሉ ኃይል» አለ። ሞተሮቹ ከነበሩበት እርጋታ በሰከንዶች ውስጥ ጮኹ፣ የምረግጠው ብረት ተንቀጠቀጠ። በኋላ ወደ ላይ ብቅ ስል ገመዱ ተወጥሯል። የጠጣው ውሃ በመብራቱ ውስጥ እንደ ጭስ ይበናል። 300 ሜትር የምትሆነው መርከብ ቀስ ብላ ቆመች። ሞተር ክፍል ያለነው ሁለት ሰዎች ነበርን። አንድ ፓምፕ በዚያች ሰዓት ቢበላሽ የምንጠራው ሦስተኛ ሰው አልነበረም። ሙያውን የተማርኩት እንዲህ ባሉ ሌሊቶች ነው።

ለእናትህም ይህን ንገራቸው። የእኛን ማዳበሪያና ስንዴ የጫነ ትልቅ መርከብ ጅቡቲ ሲደርስ ወደ ወደቡ የሚያስጠጉት ታጎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው 400 ሜትር መርከብ የስዊዝን ቦይ ለስድስት ቀን ስትዘጋ አሸዋው ተቆፈረ፣ የባሕሩ ሙላት ተጠበቀ፣ ጎትተው ያወጧት ግን ከአሥር በላይ ታጎች ናቸው። እናትህ ያፈሩት ስለማያውቁት ነው። አንተ ግን ታውቀዋለህ፤ ለምን አብረህ ታፍራለህ?

ወደ ኦፍሾሩ ልምጣ። መጀመሪያ፣ ውልህ ላይ «ኦፍሾር ሰፖርት» ብቻ ከተጻፈ ምንም አልተነገረህም። ሰፕላይ (ዕቃ አመላላሽ) ከሆነ 70 እና 80 ሜትር ይደርሳል፤ የሠራተኞቹ ቤት ከፊት ነው፣ ከኋላው ሰፊ ሜዳ ነው። ባሕር ላይ ወዳለው የነዳጅ መቆፈሪያ ቧንቧና ኮንቴይነር ያመላልሳል፤ ከሥር ባሉት ታንኮች ደግሞ ሲሚንቶ፣ የቁፋሮ ጭቃ፣ ነዳጅና ውሃ። የዚህ መርከብ ጥበብ መቆም ነው። ቱቦ ተገጥሞለት ለሰዓታት ከመቆፈሪያው ጎን ንቅንቅ ሳይል ይጠብቃል። መልህቅ አይጥልም፤ ኮምፒውተር ሳተላይቱንና ነፋሱን እያነበበ በፕሮፔለሮቹ ይዞ ያቆመዋል። ዲፒ የሚባለው ይህ ነው፤ በተለይ ኤሌክትሪክ ለሚወድ ሰው ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። የመቆፈሪያዎችን መልህቅ የሚጥለውና የሚያነሣው፣ መልህቅ አንሺው፣ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ጎታችም ጫኝም ስለሆነ ከታግ ጋር ያምታታሃል፤ የታግ የአጎት ልጅ በለው። ሥራው ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቡርቦን ዶልፊን የተባለው ከስኮትላንድ በስተሰሜን የመቆፈሪያ መልህቅ ሲጥል ተገልብጦ 8 ሰዎች ሞተዋል። ታግም ገመዱ በጎን ከሳበው ይገለበጣል፤ ከሁለቱ አደጋ የሌለበት የለም።

ለእኔ ትልቁ ልዩነት ግን እንጀራው ከየት ይመጣል የሚለው ነው። የታግ እንጀራ ወደብ ነው፤ መርከብ እስከመጣ ሥራ አለ። የኦፍሾር እንጀራ የነዳጅ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አጋማሽ አንድ በርሜል ከ100 ዶላር በላይ ነበር፤ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ወረደ። ያን ጊዜ የኦፍሾር መርከቦች ጎን ለጎን ታስረው ሲዝጉ በየቀኑ በአጠገባቸው አልፍ ነበር። አንድ ጓደኛዬ የአምስት ወር ደመወዙን ሳይቀበል ወደ አገሩ ተመለሰ። እኔ በዚያው ሳምንት ሦስት መርከብ አስገብቻለሁ።

ስለዚህ አባትህን በአክብሮት፣ ግን በግልጽ አነጋግራቸው። ደመወዝህን ገና ሳትቀበለው ፎቅ ሠርተውበታል። ኮንትራት ሲያልቅ ክፍያውም እንደሚያልቅ፣ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ማንም እንደማያውቅ ንገራቸው። በ400 ዶላር ልዩነት የሚቆም ወይም የሚፈርስ ፎቅ ቢቆይ ይሻላል። እኔ ብሆን ታጉን እይዛለሁ። ሁለት ዓመት በእጅህ ሥራና ኦፍሾርን ከፈለግከው ያኔ ሂድበት።

ከመፈረምህ በፊት ግን በወደብ ታግ የምትሠራው ጊዜ ለቀጣዩ ሰርተፊኬትህ እንዴት እንደሚቆጠር ማሪታይም ባለሥልጣን ሄደህ ጠይቅ፤ የሞተሮቹን ኪሎዋት ጽፈህ ያዝ።

የባሕር ሕመሙን ትለምደዋለህ። እጮኛህን ሦስት ዓመት ጠብቂኝ አትበላት፤ የዕረፍት ቀኖችህን ቆጥረህ አሳያት።

ኤጀንቱ «ለማስቀጠሪያ» የጠየቀህን ገንዘብ ደግሞ አትክፈል። መርከበኛ ሥራ ለማግኘት እንዳይከፍል ዓለም አቀፉ የመርከበኞች የሥራ ስምምነት ይከለክላል፤ የፓስፖርት፣ የመርከበኛ ደብተርና የጤና ምርመራ ሰርተፊኬት ወጪ ብቻ ነው ያንተ። ካልከፈልክ ሥራው የለም ካለህ የውሉን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።