ልጄ በስዊድንኛ «ማረን» ብትል ችግር አለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምንኖረው ስዊድን ነው። ልጄ እዚሁ ስለተወለደች ግእዙ ይከብዳታል። ማታ ስንጸልይ «እግዚኦ ተሣሀለነ» በማለት ፈንታ በስዊድንኛ «ሄረ፣ ፎርባርማ ዴይ» ትላለች። ኃጢአት ይሆንባት ይሆን? ደግሞ ምሕረትን «ባርምሄርቲግሄት» ይሉታል። «ባርም» ደረት ስለሆነ ቃሉ «የደረት ልብ» ማለት ነው ብለውኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። ከቃሉ ልጀምር።

ደረት የሚለው አይደለም፤ በድምፅ ስለተመሳሰለ ነው። ቃሉ የተወለደውም ስዊድን አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ከሰሜን ጀርመን ሰዎች የመጣ ነው። ጀርመኖቹ ደግሞ የላቲኑን «ሚዜሪኮርዲያ» አይተው ነው የሠሩት፤ «ምስኪን» እና «ልብ» የሚሉ ሁለት ቃላት የተጋጠሙበት ነው። በእነሱ «አርም» ማለት ድሀ፣ ምስኪን ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጎቶች ጳጳስ የነበረው ዉልፊላ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ጎትኛ፣ ማለትም ወደ ጀርመንኛ ጥንታዊ ዘመድ ቋንቋ፣ ሲተረጉም መሐሪውን «አርማሄርትስ» ብሎታል። «ብ» የለበትም፤ ከፊት የተለጠፈችው በኋላ ነው። እንግዲህ ቃሉ ልቡ ለምስኪን የሚራራ ማለት ነው። የልጅሽ «ፎርባርማ»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

እኛ «ደጉ ሳምራዊ» የምንለውን ስዊድኖች በዚሁ ቃል «መሐሪው ሳምራዊ» ይሉታል። እውነቱን ለመናገር የእነሱ ይሻላል ባይ ነኝ። ሉቃስ 10፥37 «ምሕረት ያደረገለት» ነው የሚለው። ሰውዬው አዝኖ ብቻ አላለፈም። ቁስሉን አሰረለት፣ በአህያው ጫነው፣ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ከፈለ፣ ከዚያ በላይ ብታወጣም ስመለስ እከፍልሃለሁ አለ።

ወደ ጸሎቱ ስንመጣ፣ ኃጢአት? በፍጹም! በሰሙነ ሕማማት እየሰገድን «ኪርያላይሶን» ስንል እኮ ግሪክኛ እየተናገርን ነው። ትርጉሙም ያው «አቤቱ ማረን» ነው። በጰራቅሊጦስ ቀን እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው አልሰማም? እግዚአብሔር ስዊድንኛ አይቸግረውም።

ግን ግእዙን ጨርሳ እንድትተወው አልመክርም። በቅዳሴ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «እግዚኦ ተሣሀለነ» ሲል እሷ ብቻ ዝም ብላ ትቆማለች፤ ልጅ ደግሞ ያልገባውን ቦታ ቶሎ ይሸሻል። ሁለት ቃል ነው፣ አይከብዳትም። ማታ በስዊድንኛ ትበል፣ ቀጥላ በግእዝ ትድገመው። ትርጉሙ አንድ መሆኑን ንገሪያት። አነባበቧ ቢሰባበር በጸሎት መሀል አታርሚያት፣ ትሰለቻለች። ስንት ጊዜ ትበል፣ ስንት ትስገድ የሚለውን የንስሐ አባታችሁ እንደ ዕድሜዋ ይወስኑላት።