መልስ፦ ዱካክ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋን ተዉአት

እህቴ፣ ሌሊት ነቅተሽ መንቀሳቀስ አቃተሽ፤ ጥቁር ነገር ደረትሽ ላይ ተቀምጦ አየሽ። ጎረቤቶችሽ «ሸክላ ሠሪዋ በልታሽ ነው» አሉሽ። እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። አይደለም። ዱካክ ነው።

ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፣ ሰውነት ግን እንደታሰረ ይቆያል። ሕልሙም ገና አላለቀም። ጥላው ቁልጭ ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው። እንቅልፍ ማጣትና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ከተደጋገመብሽ ሐኪም አማክሪ።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ታማ፣ ጨርቅ እያጨሱ «ማነው የበላሽ? ተናገሪ!» ሲሏት አይቻለሁ። ከጭሱ የተነሣ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። በመጨረሻ አንድ ስም ጠራች። ከዚያ ቀን ወዲያ የዚያችን ሴት ጀበና የሚገዛ ጠፋ። ልጆቿን ስናይ መንገድ እንሻገር ነበር። በጎንደር አካባቢም ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የሆኑ ቤተ እስራኤላውያን በዚሁ «ቡዳ» በሚል ስም ለትውልዶች ተገልለው ኖረዋል።

እባክሽ የሴትየዋን ስም ለማንም አትጥሪ። ነገ መንገድ ላይ ስታገኚያት ሰላም በያት።