ጁስት ፎንቴን፦ በአንድ የዓለም ዋንጫ 13 ጎል ስላገባው አጥቂ ጥያቄና መልስ

ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፎንቴን ፈረንሳዊ ነው ወይስ ሞሮኳዊ?

መልስ፦ በ1933 ማራኬሽ ውስጥ ከፈረንሳዊ አባትና ከስፔናዊት እናት ተወለደ፤ ሞሮኮ በወቅቱ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ነበረች። በካዛብላንካ ከተጫወተ በኋላ በ1953 ወደ ፈረንሳዩ ክለብ ኒስ ተዛወረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለፈረንሳይ ተሰልፎ በመጀመሪያ ጨዋታው ሉክሰምበርግ ላይ ሦስት ጎል አስቆጠረ።

ጥያቄ፦ በ1958 ስዊድን ውስጥ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ያን ያህል ጎል ያገባው ተጋጣሚዎቹ ደካሞች ስለነበሩ አይደለምን?

መልስ፦ ቁጥሮቹን እንያቸው። ፓራጓይ ላይ 3፣ ዩጎዝላቪያ ላይ 2፣ ስኮትላንድ ላይ 1፣ ሰሜን አየርላንድ ላይ 2፣ በግማሽ ፍጻሜው ብራዚል ላይ 1፣ በደረጃ ጨዋታው ምዕራብ ጀርመን ላይ 4 አስቆጥሯል። የደረጃ ጨዋታ ላላ እንደሚል አልክድም፤ ነገር ግን ጀርመኖቹ ያለፈው ዋንጫ ባለቤቶች ነበሩ፤ ብራዚልም እስከዚያ ዕለት ድረስ በውድድሩ አንድም ጎል አልተቆጠረባትም ነበር። ከ13ቱ አንዱም በፍጹም ቅጣት ምት የተገኘ አይደለም፤ ጀርመን ላይ የተገኘውን ፍጹም ቅጣት ምት እንኳ የመታው የቡድን ጓደኛው ሬይሞን ኮፓ ነበር።

ከተጋጣሚዎቹ ይልቅ ትልቁ ምክንያት ይኸው ኮፓ ይመስለኛል። ኮፓ በ1956 ከፈረንሳዩ ክለብ ሬምስ ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ ሬምስ በምትኩ ያስፈረመው ፎንቴንን ስለነበር፣ ሁለቱ በዚያን ጊዜ በአንድ ክለብ ተጫውተው አያውቁም፤ ሆኖም ኮፓ ወደ ኋላ እየተመለሰ ተከላካዮችን ከቦታቸው ሲያወጣ፣ ፎንቴን በተከፈተው ክፍተት ሮጦ ይገባ ነበር። ከዚህም ሌላ፣ በዚያው የውድድር ዘመን ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለተወሰነ ጊዜ ስላረፈ፣ ሌሎች በደከሙበት ወቅት እሱ ትኩስ ጉልበት ነበረው።

ጥያቄ፦ በሰው ጫማ ተጫወተ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ታኬታው በልምምድ ላይ ስለተቀደደበት የቡድን ጓደኛውን የስቴፋን ብሩዬን ተውሶ ተጫወተ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፈረንሳይ ለምን ለፍጻሜ አልደረሰችም?

መልስ፦ በግማሽ ፍጻሜው ከብራዚል ጋር ውጤቱ 1 ለ 1 ሳለ የፈረንሳይ የመሐል ተከላካይ ሮበር ዦንኬ እግሩ ተሰበረ። በዘመኑ ተቀያሪ ማስገባት ስለማይፈቀድ ቡድኑ በጎደሎ ቀርቶ፣ ወጣቱ ፔሌ ሦስት ጎል አስቆጥሮ 5 ለ 2 ተሸነፈ። ብራዚል ያለዚህም ልታሸንፍ ትችል እንደነበር እቀበላለሁ፤ ልዩነቱ ግን ይህን ያህል ባልሰፋ ነበር።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጎበዝ ከነበረ ለምን ቶሎ አቆመ?

መልስ፦ በመጋቢት 1960 እግሩ ክፉኛ ተሰበረ፤ ድኖ ከተመለሰ በኋላ በጥር 1961 ያው እግር እንደገና ተሰበረ። በ1962፣ በ28 ዓመቱ፣ ጫማውን ሲሰቅል ለፈረንሳይ በ21 ጨዋታ 30 ጎል አስቆጥሮ ነበር፤ በአማካይ በየጨዋታው ከአንድ በላይ ማለት ነው። በእኔ ግምት ከ13ቱ ይልቅ ችሎታውን የሚመሰክረው ይህ ቁጥር ነው፤ ያኛው የአንድ ወር ሥራ ሲሆን ይህኛው የሰባት ዓመት ነውና።

ጥያቄ፦ ከዚያ በኋላስ ምን ሠራ?

መልስ፦ ገና ተጫዋች ሳለ፣ በ1961፣ ከካሜሩናዊው ዩጂን ንጆ ሌያ ጋር የፈረንሳይ ተጫዋቾችን ማኅበር መሠረተ። በአሠልጣኝነት ብሔራዊ ቡድኑን የመራው ለሁለት ጨዋታ ብቻ ሲሆን፣ ፓሪ ሴንት ዠርሜንን በ1974 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አሳድጓል፤ የተወለደባትን ሞሮኮንም በ1980ው የአፍሪካ ዋንጫ ለሦስተኛ ደረጃ አብቅቷል። በመጋቢት 2023 ቱሉዝ ውስጥ በ89 ዓመቱ አረፈ።