ጭንቅላታችሁ ተመትቶ ቤት ለተቀመጣችሁ

ኳስ ስትጫወቱ ወይም ከብስክሌት ወድቃችሁ ጭንቅላታችሁን ተመታችሁ። ወር አለፈ፤ ራስ ምታቱና ማዞሩ ግን አልለቅ አለ። "ራጅህ ንጹህ ነው" ተብላችኋል። ጓደኞቻችሁም "አሁንስ አበዛኸው" ማለት ጀምረዋል። ይቺ ደብዳቤ ለእናንተ ናት።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ፊዚዮቴራፒ ስሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አብዛኛውን እዚሁ ሜሪላንድ። ድሮ እንደናንተ ያለ ልጅ ሲመጣ የምለው አንድ ነበር፦ "መጋረጃውን ዝጋ፣ ስልክህን አስቀምጥ፣ እስኪሻልህ ተኛ።" አንዱ ቃሌን አክብሮ ስድስት ሳምንት ተኛ። ሲመለስ ራስ ምታቱ እንዳለ ነው። በዚያ ላይ እንቅልፉ ተዛብቷል፣ ትምህርቱ ተከምሯል፣ ደረጃ ሲወጣ ልቡ ድው ድው ይላል። ያን ሁሉ ያመጣው ምቱ ብቻ አልነበረም። እኔም አለሁበት።

ዕረፍት አያስፈልግም አላልኩም። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ቀለል አድርጋችሁ አሳልፉ። ከዚያ በኋላ ግን በልኩ መንቀሳቀስ ይሻላል። ይሄን በደንብ ካሳዩን መካከል የቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጆን ሌዲና ባሪ ዊለር ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ጥናታቸው ከ13 እስከ 18 ዓመት የሆናቸውን 103 ስፖርተኛ ልጆች ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን በየቀኑ ልብን የሚያሠራ እንቅስቃሴ አደረገ፤ ሌላው ሰውነቱን ብቻ አፍታታ። የመጀመሪያዎቹ በ13 ቀን ገደማ አገገሙ፣ ሌሎቹ በ17። እነዚህ ጉዳታቸው ገና ትኩስ ነበር። ወር ላለፋችሁም ግን የምንሄድበት መንገድ ያው ነው።

ዋናው ልክን ማወቅ ነው። አንዲት የ16 ዓመት በረኛ መጣች፤ ክፍል ውስጥ የጸሐይ መነጽር አድርጋ። መሮጫ ማሽኑ ላይ ሳወጣት እናቷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

"የታመመች ልጅ ያስሮጣሉ እንዴ ጋሼ?"

"እርምጃ ነው፣ አላስሮጣትም" አልኳት።

ፍጥነቱ አይለወጥም። ማሽኑ ብቻ በየደቂቃው ትንሽ ትንሽ ዳገት ይሆናል። እኔ የልብ ምቷን እያየሁ "ሕመሙ ከአሥር ስንት ደረሰ?" እላለሁ። ሁለት። ሁለት። ሦስት። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ እጀታውን ጨበጥ አድርጋ "አምስት" አለች። አቆምኩ። ልቧ 140 ይመታ ነበር።

ያቺ 140 አጥሯ ናት፤ ሕመሙ የሚብስባት እዚያ ላይ ነው። 80 በመቶው 112 ነው፤ በዚያ ልክ በቀን 20 ደቂቃ አዘዝኩላት። ጭንቅላቷን እንዳያነጥራት የቤት ውስጥ ብስክሌት መረጥን። አጥሩን በየጊዜው እየለካን ከፍ አደረግነው። ምቱ የልብ ምትንና ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም የሚያስተካክለውን ሥርዓት ጭምር ያናጋል። ከልክ በላይ ስትሮጡ ራሳችሁን ሊያፈነዳው ይደርሳል፤ ጭራሽ ስትተኙ ደግሞ ሰውነታችሁ ይሰንፋል።

ስትሠሩ ትንሽ ቢያማችሁ አትደንግጡ። ከአሥሩ እስከ ሁለት ነጥብ ጨምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ችግር የለውም። ከዚያ ካለፈ አቁሙ፣ ነገ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። የማዞርና የአንገት ሕመም የየራሳቸው ሕክምና ስላላቸው ሁሉንም በብስክሌት ለመፍታት አትሞክሩ። ኳስ በቴስታ መምታትና መጋፋት ሐኪም ሳይፈቅድ የለም። ደጋግሞ ማስመለስ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የእጅ እግር መዛል ወይም የንግግር መኮላተፍ ከመጣ ደግሞ የእኔን ደብዳቤ ተዉትና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እና አትዋሹ። ግጥሚያ ሲቀርብ አምስቱ ሁለት ይሆናል፤ ስንቱን አይቻለሁ! በረኛዋም አንዴ ሞክራኝ ነበር። ፊቷ ዐመድ መስሎ "ሁለት" አለችኝ። ማሽኑን አጠፋሁት። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

አሁን ያለ መነጽር ትመጣለች። ማታ ማታ ከእናቷ ጋር ሰፈር ውስጥ ፈጠን ብለው ይራመዳሉ። ሃያ ደቂቃው ሳይሞላ "እንረፍ" የምትለው እናትየዋ ናት።