መልስ፦ ቁርጭምጭሚት ከተተካ በኋላ አጥንት ውስጥ የታየ ክፍተት

ወንድሜ፣ የእናትህ ቁርጭምጭሚት በሰው ሠራሽ ከተተካ ከ4 ዓመት በኋላ ራጅ ላይ የታየው ክፍተት ካንሰር ነው ወይ ላልከው፣ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። በሰው ሠራሹ ቁርጭምጭሚት ሁለት ብረቶች መካከል ያለው ፕላስቲክ በእርምጃ ብዛት ሲፋቅ ለዓይን የማይታይ ብናኝ ይወጣል፤ ሰውነት ብናኙን ለማጥፋት ሲታገል በብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ይበላል። ክፋቱ፣ ጉድጓዱ እስኪሰፋ ላያምም ይችላል።

ራጁን ቆመው ይነሱ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከተነሱት የመጀመሪያ ራጅ ጋር ጎን ለጎን ይታይ። ራጅ የጉድጓዱን ስፋት አሳንሶ ስለሚያሳይ ሲቲ ስካንም ጠይቁ። ብረቱ ካልላላ ጉድጓዱን በአጥንት ሞልቶ ፕላስቲኩን መቀየር ሊበቃ ይችላል፤ ከላላ ግን ሙሉ ቅየራ ወይም አጥንቶቹን ማጣበቅ ነው።

እግሩ ከሞቀ ወይም ካበጠ ጀርም ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው፤ እባክህ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተህ አትስጣቸው፤ ከመገጣጠሚያው ናሙና ሳይወሰድ ከተጀመረ ጀርሙ ምርመራ ላይ ላይገኝ ይችላል። እስከዚያው የፒያሳን ቁልቁለት በባጃጅ ይውረዱት፤ ከዘራውንም በጤነኛው እግር በኩል ይያዙ።